መጀመሪያ ለግልገሉ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ፎቶ አይቼዋለሁ። አንገተ መቃ፣ ዓይኑ የተኳለ፣ ፀጉሩ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ እንስሳ። አልፓካ ይባላል አልሽኝ፤ ከባልሽ ጋር ከአሜሪካ ድሬዳዋ ስትገቡ ልታረቡት አስባችኋል። አቦ፣ ሐሳቡ አይከፋም፤ አገሩን ግን ስቷል። አልፓካ የፔሩ ተራራ ልጅ ነው፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ብርድ ለምዶ የኖረ። 1,200 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ድሬ፣ በግንቦት ሐሩር፣ ያንን ሁሉ ፀጉር ተሸክሞ የት ሊገባ ነው? ሱፍ ካማረሽ መንዞችን አማክሪ፤ በጉንም ብርዱንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የፈለግሽው ቤተሰብ የሚያሳድር ከብት ከሆነ ግን የአልፓካ የሥጋ ዘመድ ደጅሽ ላይ ቆሟል። ግመል ነው።

በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬ ከመድረሱ በፊት የዚህን ቆላ ንግድ በጀርባው ያመላለሰው ግመል ነበር። ዛሬ ገንዘቡ ያለው ወተቱ ላይ ነው። በሽንሌ በኩል የሚመጡት ሴቶች ጄሪካናቸውን ይዘው በጠዋት ከተማ ይገባሉ፤ ሻይ የሚያፈላውም ሕመምተኛ ያለበትም ይጠብቃቸዋል። ገበያው አለ። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው።

ግመል አትቸኩልም። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው፤ አንዳንዷም ትዘገያለች። እርግዝናዋ 13 ወር ያህል ነው። በአንዱ ልጅና በተከታዩ መካከል ሁለት ዓመት ቢያልፍ አይግረምሽ። ረከሰልኝ ብለሽ የዓመት ግልገል ብትገዢ ወተቷን የምታዪው አራት ዓመት ከዚያም በላይ ጠብቀሽ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ባንክ ደግሞ ይህን አይጠብቅልሽም፤ በየወሩ ያንኳኳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብሽ በእጅሽ ባለው ገንዘብ ሁለት ብቻ ግዢ። አንዷ ልጇን ያስከተለች፣ ሌላዋ መውለጃዋ የቀረበ ትሁን። ባንድ ሰሞን የወለዱ ከሆኑ ባንድ ሰሞን ይነጥፋሉ፤ ያኔ ደንበኛሽ ሌላ ጄሪካን ጋ ይሄዳል።

አሁን ዋናውን፣ የአለባውን ነገር ስሚኝ። አላቢው ባንድ እግሩ ይቆማል፤ የሌላውን እግሩን ውስጥ በቆመበት እግር ጉልበት ላይ ያስደግፍና ዕቃውን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ በፊት ግን ግልገሉ መጥባት አለበት። እሱ ጎሸም ጎሸም አድርጎ ካልሳበ እናቲቱ ወተቷን አትለቅም። ከለቀቀች በኋላም ጊዜው አጭር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ ያልባል። ከአራቱ ጡት ሁለቱን ለግልገሉ መተው የእረኞቹ ወግ ነው። ከተሜ ይህ ወግ ይከብደዋል፤ ዋጋ በጨመረ ቀን አራቱንም ያልብና ግልገሉን ያከሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ግልገሉ ከሞተ እናቲቱ ልትነጥፍ ትችላለች፤ የቸገረው እረኛ ቆዳውን ገፎ እያሸተታት ሊያታልላት ሲሞክር ማየት ደስ አይልም።

እንደ ሳቢያን ባለ የከተማ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ግመል አይረባም። መንገድ፣ ግራር፣ ጨው ይፈልጋል። ከብቱ ከእረኛ ዘመድ ጋር ይደር፣ ሽያጩን አንቺ ያዢ። ስትስማሙ ግን ሽማግሌ ይቀመጥ፤ የሚወለደው የማን ነው፣ ወተቱ እንዴት ይከፈላል፣ የመድኃኒቱን ማን ይችላል፣ ሁሉም ይነገር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወንዱን አትግዢ፤ ወቅቱ ሲደርስ አረፋ እየደፈቀ ሰው የሚነክስ ጉድ ነው፤ የእረኛው ይበቃሻል። ማደሪያውንም ደረቅ ነው ብላችሁ የወንዝ አሸዋ ላይ እንዳትሠሩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ የድሬው ደቻቱ ወንዝ በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል።

እከክና መዥገር ሳይበረታ ሐኪም ጥሪ፤ ግመሏ ስታስወርድ ካየሽ ብሩሴሎሲስ መሆን አለመሆኑን አስመርምሪ፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ደንበኞችሽ ወተቱን ጥሬውን ነው የምንወደው ቢሉሽም ቤትሽ የሚጠጣው ይፈላ። ጄሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በእጅ አይታጠብም፤ አፈ ሰፊ የብረት ዕቃ ግዢ፣ አጥበሽ አድርቀሽ እጠኚው። የትናንቱን ከዛሬው አትቀላቅዪ። ቅቤ አወጣበታለሁ ካልሽ ደግሞ ክንድሽ ይዝላል እንጂ እንደ ላም ወተት እሺ አይልሽም።

ግዢውን ባቢሌ ገበያ እኔና እረኛው እንጨርሰዋለን። አራቱንም ጡት ዳስሰን፣ ያስከተለችውንም ከነግልገሏ ስትታለብ ካላየን ብር አንቆጥርም። አንቺና ባልሽ ግን ያን ቀን ቤት ዋሉ፤ የአሜሪካ ጫማችሁን ያየ ደላላ ዋጋውን የሚጠራው በዶላር አስልቶ ነው።