የምልክት ጉልበትና የጸሎት ዝምታ

የሚሰማን መኖሩን በምን እናውቃለን? ይህን ጥያቄ ያነሳብኝ የእጅ ስልኬ ነው። እኔ እንጅባራ ነኝ፤ እናቴ ዳንግላ ናት። የኔትወርክ ማሻሻያ በሚካሄድበት ሰሞን በስልኬ ላይ ያሉት የምልክት መስመሮች ሞልተው ሳለ ጥሪው አልገባ ይላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት መስመር ብቻ እያለች የእማዬ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል።

መስመሮቹ የሚያሳዩት ከኔትወርክ ማማው የሚደርሰንን የሬዲዮ ሞገድ ጉልበት ነው። የስልኩን ቅንብር ከፍቶ ላየ፣ ልኩ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ተጽፏል፤ ከኔጌቲቭ 110 ይልቅ ኔጌቲቭ 80 አንድ ሺህ እጥፍ ይበረታል። ማማውን ስንት ሰው እንዳጨናነቀው፣ ከማማው ወዲያ ያለው የግንኙነት መስመርም መሥራት አለመሥራቱን ግን የምልክት መስመሮቹ አይነግሩንም። በማሻሻያው ሥራ ምክንያት ቅርብ ያለው ማማ ሲጠፋ፣ ስልኩ ራቅ ያለውን ይፈልጋል።

በጸሎትም ልባችን ሲሞቅ እግዚአብሔር ቀረበ፣ ሲቀዘቅዝ ራቀ እንላለን። ሙቀቱ የሚናገረው ግን ስለ እኛ ነው። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ብርቱ ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት አለፉበት፤ አምላኩ ያነጋገረው ግን ከእነዚያ ሁሉ በኋላ በመጣው ትንሽ ድምፅ ነው። የምልክት ብርታት የመገኘት ማረጋገጫ ቢሆን ኖሮ፣ ነፋሱ በበቃው ነበር።

ስለዚህ ልብ በቀዘቀዘበት ሰሞን ጸሎት ማቋረጥ አይገባም እላለሁ። ሰሚው በስሜታችን ልክ የሚኖርና የሚጠፋ አይደለም። ምንም ሳይሰማን የምንጸልየው ጸሎት፣ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የታመነው ነው።