ነጥቧ አትሄድም

ኅዳር ነው፤ ዲላ ዙሪያ አንድ የቀይ ቡና መረከቢያ ቦታ ቆሜያለሁ። አንድ አዛውንት ጆንያቸውን ሚዛኑ ላይ አሳረፉ፤ 18.4 አለ። መዝጋቢው ልጅ ሊጽፍ ሲል፣ «ቆይ፤ ነጥቧ የቷ ጋ ናት?» አሉት።

«ይቺውልዎት፣ አባባ።»

አጎንብሰው አዩዋት። እውነታቸውን ነው፤ እሷ ቦታዋን ከሳተች የቀኑ ለቀማ 184 ኪሎ ይሆናል፤ ወይም 1.84።

ልጅ ሳለን «በ10 ስታባዙ ነጥቧን አንድ ቤት ወደ ቀኝ ውሰዱ» ተብለናል። ለፈተና ይበቃል። ነጥቧ ግን የትም አትሄድም፤ በአንድ ቤትና በአንድ አስረኛ ቤት መካከል እንደ ወሰን ድንጋይ ተተክላለች። ቤት የሚቀይሩት አሃዞቹ ናቸው። የ0.25 ሄክታር ጓሮ በ10,000 ሲባዛ 2ቷ ከአስረኛ ቤት ተነስታ አራት ቤት ወደ ግራ ትወጣና ሺህ ቤት ትገባለች፤ 5ቷ ተከትላት መቶ ቤት ታርፋለች፤ የተረፈውን ቤት ዜሮ ይጠብቃል። 2,500 ካሬ ሜትር። መሬቱ ስንዝር አልጨመረም። እዚያው ላይ እንሰቱ፣ ከሥሩ ቡናው፣ ከሁሉም በላይ የጥላው ዛፍ ተደራርበው ይኖራሉ፤ ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያየው ይህንንም ነው።

የግእዝ አኃዝ ዜሮም ነጥብም የለውም። ፪ በአስር ሲባዛ ቤት አይለውጥም፤ መልኩን ለውጦ ፳ ይሆናል። የሚገርመኝ ግን ፼ ነው፤ ሁለት ፻ ተቃቅፈው የቆሙ ይመስላል። መቶ ጊዜ መቶ፣ እልፍ። ሄክታርም መቶ ሜትር በመቶ ሜትር አይደል? እልፍ ካሬ ሜትር ማለት ነው።

ፈረሱላ ግን ለአስር አይገዛም። 17 ኪሎ ነውና 6.5 ፈረሱላን ወደ ኪሎ ለመመንዘር ወረቀት ያስፈልጋል፤ 110.5 ይመጣል። ከዚያ ወደ ኩንታል መሄዱ ቀላል ነው፤ አሃዞቹ ሁለት ቤት ወርደው 1.105። (የቡና ነጋዴ ይህን ሁሉ በቃሉ ያሰላዋል፤ እኔ አልችልም።)

የአዛውንቱ ጆንያ ተነሳ። ሚዛኑ ጥቂት ተንቀጠቀጠና 0.0 አለ። አሃዞቹ ሄደዋል፤ ነጥቧ እዚያው ናት።