ወኪል ተሳላሚ

ጧት ከናጎያ በባቡር ተነሥቶ፣ ባንዲራ ከፍ አድርጋ የምትመራውን አስጐብኚ ተከትሎ፣ በኢሴ የሚገኘውን ታላቅ የሺንቶ መቅደስ ተሳልሞ ማታ ወደ ሆቴሉ የሚመለሰውን ሰው፣ መንገዱ አላደከመውምና፣ ሰዓቱም በሌላ እጅ ነውና፣ ብዙዎች ጐብኚ እንጂ ተሳላሚ አይደለም ብለው ይፈርዱበታል። እኔ ግን ፍርዱ ችኩል ይመስለኛል።

በመሪ መሄድ በኢሴ አዲስ ነገር አይደለም። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ዘሩን የሚቆጥርባት የፀሐይ አምላክ አማተራሱ የምትመለክበት ይህ ስፍራ፣ «ኦሺ» የሚባሉ ካህናት ነበሩት፤ እነዚህም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 ሥራቸውን እስኪሽር ድረስ በየአውራጃው እየዞሩ ክታብ ያድሉ፣ ተሳላሚውንም በቤታቸው አሳድረው፣ አብልተውና ጸሎት አድርሰው ይሸኙት ነበር። ድኻው ገበሬ ስንቁን ለብቻው ሊሸፍን ስለማይችል፣ የመንደሩ ሰዎች «ኢሴ-ኮ» የሚባል ማኅበር አቋቁመው እንደ እኛ ዕቁብ ገንዘብ ያዋጡና ዕጣ ያወጡ ነበር፤ ነገር ግን ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር፣ የሁሉ ወኪል ሆኖ መንገድ ይጀምር ነበር እንጂ። መሄድ ያልቻለ ሰውም ገንዘብ በአንገቱ አስሮ ውሻውን ከመንገደኞች ጋር ይልክ እንደ ነበር ይተረካል፤ ውክልና ምን እንደ ሆነ ከብዙ ድርሳን ይልቅ ይህ ውሻ ያስረዳል።

የዛሬው እንግዳ የኡጂን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከኢሱዙ ወንዝ ዳር ጐንበስ ብሎ እጁንና አፉን ታጥቦ፣ ጠጠሩን እየረገጠ በታላላቅ ዛፎች ሥር አልፎ የድንጋዩን ደረጃ ሲጨርስ የሚያገኘው አንድ ነጭ መጋረጃ ነው፤ የአማተራሱ ምልክት የሆነው ቅዱሱ መስተዋት ያለበት ቤት በድርብርብ አጥር ተከልሎ ከጣሪያው ጫፍ በቀር አይታይም። ሁለት ጊዜ እጅ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እጅ ነሥቶ ይመለሳል። ዕጣ የወጣለት ገበሬም ከዚህ ያለፈ አላየም፤ እንግዲህ ለዛሬው መንገደኛ የጐደለው ላኪ ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ የታመመ ወንድሟን ስም በልቧ ይዛ የቆመች ሴት ግን፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢፈቀድላትም፣ ላኪ አላትና ተሳላሚ ናት።

በጥንት ዘመን በዋናው መቅደስ ፊት ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር ማንም በግል ስሙ መባ እንዳያቀርብ ተከልክሎ ነበር፤ ዛሬም በዚያ ምስጋና ብቻ ይቀርባል፣ የግል ልመና ያለው ከበስተኋላ ወዳለው ወደ አራማትሱሪ-ኖ-ሚያ ይሂድ የሚል ልማድ አለ። አስጐብኚዋ ሰዓት ካጠራት ግን የምታስቀረው ይህንኑ ነው፤ ያን ጊዜ ለራሱ ብቻ የመጣው ሰው፣ ለራሱ የሚለምንበትን ስፍራ ሳያይ ወደ ባቡሩ ይመለሳል።