አንተስ ማን ነህ?

ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ስኮትዴል ስኖር፣ አንድ ሌሊት ከማላውቀው የአዲስ አበባ ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እናታችን ሆስፒታል ስለ ገቡ ገንዘብ በአስቸኳይ እንድልክ ጠየቀችኝ። በዘመድ ስም እየተደወለ ብዙ ስደተኛ መታለሉን ሰምቼ ነበርና፣ «አባታችን በቤት ውስጥ ምን ብለው ይጠሩሽ ነበር?» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ስሙን ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «አንተስ ወንድሜ መሆንህን በምን ልወቅ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ገንዘቡ ሳይዘገይ ደረሰ፤ ቅሬታዋ ግን ሰነበተ። የሚወዱትን ሰው ማስረጃ መጠየቅ ነውር ነውን?

ጥያቄው የኮምፒውተር ሊቃውንትንም ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር፣ በመረብ የተገናኙ ኮምፒውተሮች በምስጢር ቁልፍ አማካይነት አንዱ የሌላውን ማንነት የሚያረጋግጡበትን የመልእክት ልውውጥ ሥርዓት ነደፉ። በ1981 ዶሮቲ ዴኒንግና ጆቫኒ ሳኮ ቀዳዳውን አሳዩ፤ ያረጀ ቁልፍ በእጁ የገባ ጠላት የቀድሞውን መልእክት መልሶ በመላክ ማታለል ይችላል። በ1989 ኒድሃም ራሱ ከማይክል በሮውዝና ከማርቲን አባዲ ጋር እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚመረምር የሎጂክ ስልት አቀረበ። ስልቱ፣ ማን ምን ያምናል? መልእክቱ የዛሬ ነው ወይስ የቆየ? ተናጋሪው በነገሩ ላይ ሥልጣን አለውን? እያለ የእያንዳንዱን እምነት መነሻ ይጠይቃል። የቀድሞው ሥርዓት «ቁልፉ አዲስ ነው» የሚል ያልተነገረ ግምት ተሸክሞ መኖሩም በዚሁ ምርመራ በግልጽ ተጻፈ። ሰው የገዛ ሥራውን እንዲህ ሲመረምር ማየት ያስደስታል።

የእኔም ጥያቄ ጉድለቱ ይኸው ነበር። የቤት ስም ያረጀ ቁልፍ ነው፤ ጎረቤትም ሠራተኛም ያውቀዋል። ድምፅም ቢሆን ዛሬ በማሽን ይመሰላል። ስልኩን ዘግቼ በማውቀው ቁጥር መልሼ መደወል ይሻለኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ሎጂክም ወሰን አለው። ስልቱ ተነጋጋሪዎቹ ሐቀኞች ናቸው ከሚል ግምት ይነሣ ነበር። በ1995 ጋቪን ሎው፣ ሁለቱ ሊቃውንት በ1978 ባቀረቡት በሌላው፣ በይፋዊ ቁልፍ በሚሠራው ሥርዓት ላይ፣ አንድ ሐቀኛ ያልሆነ ተነጋጋሪ ከአንደኛው የተቀበለውን ይዞ ወደ ሌላው በመሄድ በሰው ስም መግባት እንደሚችል አሳየ። አሥራ ሰባት ዓመት ያልታየው ስሕተት መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ መላሹ በመልሱ ውስጥ የራሱን ስም ይጨምር።

እህቴ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። እኛ በስደት ያለን ሰዎች ገንዘቡ በእጃችን ስለሆነ መርማሪዎች ሆነናል፤ አገር ቤት ያለው ወገን ማንነቱን ያስረዳል፣ እኛ ግን የአሜሪካ ቁጥራችን ይበቃል እንላለን። ማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ማረጋገጫ እምነትን አያጠፋም፣ በምን ላይ እንደ ቆመ ያሳያል እንጂ። ነውሩ ሌላውን እየመረመሩ ራስን ከጥያቄ ነጻ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ስደውል፣ እርስዋን ከመጠየቄ በፊት እኔ ማን እንደሆንሁ እናገራለሁ።