የእማማ ሳህን

ሐሙስ ነበር፤ ህዳር 13 ቀን 2016፣ ሚካኤል በዋለ ማግስት፣ ህዳር ሲታጠን የነደደው ጭስ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ገና ሳይለቅ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። በረቡዕና በዓርብ መካከል በተገኘችው በዚያች የፍስክ ቀን፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው ታናሽ እህቴ ካዛንቺስ በእናታችን ቤት የመጀመሪያውን የታንክስጊቪንግ ራት ልትሠራ ተነሣች። ተርኪ ከየት ይምጣ? ሁለት የሀበሻ ዶሮ ተገዛ።

እናቴ ዶሮን የምታውቀው ቆዳዋ ተገፎ፣ አሥራ ሁለት ብልት ወጥቶላት፣ በሎሚና በጨው ውኃዋ እስኪጠራ ታጥባ ነው። እህቴ ግን እንዳለች፣ እግሯን በክር አስራ፣ በቅቤና በጥብስ ቅጠል አሽታ ትሪ ላይ አጋደመቻት። እናቴ አየቻት፣ አየቻትና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ራቁቷን!» አለች። ኦቨን ስላልነበረን ትሪውን ተሸክሜ ለበዓል ድፎ ወደምናስጋግርበት ዳቦ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስመለስ ሽታው ቀድሞኝ ሰፈሩን አዳርሶ ኖሮ፣ ማንም ሳይጠራ ጎረቤቱ ሁሉ የተጠራ ያህል ሆነ።

ከመቁረሳችን በፊት እህቴ እያንዳንዳችን የምናመሰግንበትን እንድንናገር ለመነችን። ሰው አገር በገባችበት ዓመት፣ ማንም በማያውቃት ከተማ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቤቷ ጠርታ ይህንኑ ጠይቃት፣ መልሱ እንባ ሆኖባት ነበር። የግድግዳ ተጋሪያችን እማማ ተራቸው ሲደርስ «ተመስገን» ብለው ዝም አሉ። «ለምኑ፣ እማማ?» «ለምኑ ይባላል እንዴ፣ ልጄ?» ደህና አደራችሁ ለሚለን የምንመልሰው፣ ስናገኝም ስናጣም ከአፋችን የማይለየው ይህ ቃል፣ ከመለመዱ የተነሣ ባዶ የሆነ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ማታ ግን፣ መቁጠር የጀመረ ሰው ያልቆጠረውን ይረሳል ብለው ፈርተው ይሆን እያልኩ እጃቸውን አየሁ፣ ያ እጅ ደግሞ ለእህቴ ጉርሻ እየጠቀለለ ነበር። እንዲያም ሆኖ እህቴን ቀናሁባት፤ በዓመት አንዴ ቆም ብሎ፣ ስም ጠርቶ ማመስገንን እንግድነት አስተምሯታል፣ እኔ ከቤቴ ያልወጣሁት ግን ሳልማረው ቀረሁ።

ቅዳሜ ጾሙ ሲገባ እማማ ዳሩ ሰማያዊ በሆነ ጎድጓዳ ሳህን ዱባ ወጥ ላኩልን። ሳህን ባዶ አይመለስምና ሽሮም ሆነ ቆሎ ይዞ ዓመቱን ሙሉ በሁለት በር መካከል ተመላለሰ። በ2017 መግቢያ፣ ስሟን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራው ቤት የወረሰችው ሰፈራችን ስትፈርስ፣ እርሳቸው ወደ ገላን ጉራ፣ እኛ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስንጫን፣ ሳህኑ እኛ ዘንድ ነበር። ታንክስጊቪንግ በዚያ ዓመት ህዳር 19 ዋለ፤ ጾም ነበር። እህቴ ደውላ ምን እየሠራችሁ ነው አለችን። እናቴ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ዱባ ትልጥ ነበር።