«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»፦ ሕፃን ይዞ ስታዲየም ለሚገባ ወላጅ

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምትለውን ተረት ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያነሣት ለቀልድ ማምለጫ ነው። አለቃውን በነገር ጎንተል ያደረገ ሠራተኛ ወይም አማቱን የሸነቆጠ ሙሽራ ይህችን ጣል ያደርግና ከቁጣ ይድናል። በዚህ አጠቃቀም ተረቷ ለታናሹ የተሰጠች ፈቃድ ትመስላለች፤ ሎሌው በዓመት አንድ ቀን የልቡን ያደርስባታል። እኔ ግን ሸክሙ የወደቀው በጌታው ላይ ነው ባይ ነኝ። ሎሌው በዚያ ዕለት የሚማረው አዲስ ነገር የለም፤ ይመታል፣ ይሮጣል፣ ወደ ቤቱ ይገባል። ራሱን ማስለመድ ያለበት ጌታው ነው፤ ያውም ሜዳው ከመድረሱ በፊት። ተረቷ በዚህ መልክ ከተፈታች ከገና ዕለት አልፋ ሌላ ቦታም ትሠራለች፤ በተለይም ሕፃን ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ግጥሚያ ሊያሳይ ለተነሣ አባት ወይም እናት።

መጀመሪያ ተረቷ የበቀለችበትን ሜዳ እንይ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገና የሚውለው እንደ አገሩ ሁሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ነው፤ አጨዳው ተገባዶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ማሳውና መስኩ ለእግር ክፍት በሚሆንበት ወቅት። መጫወቻዋ ዱላ ራሷ ገና ትባላለች፤ ተመርጣ የተቆረጠች፣ ጫፏ ቆልመም ያለ። ሩሯ፣ ማለትም ኳሷ፣ ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከጠፍር ትሠራለች። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፣ ወይም ሁለት ጎጥ፣ ለሁለት ይከፈላል። ሩሯ መሐል ትቀመጥና እያንዳንዱ ወገን እየለጋ ወደ ባላጋራው ድንበር ሊያሻግራት ይታገላል። ያ ሁሉ ዱላ ባንዲት ሩር ላይ ሲወርድ ብዙው የሚያርፈው ቅልጥም ላይ ነው፤ የማን ቅልጥም እንደሆነ ደግሞ በዚያ አቧራ ውስጥ ማንም አይለይም። ጌታው ጉብታ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቢመለከት ኖሮ ዱላ አይነካውም፣ ተረቷም አታስፈልገውም ነበር። የወረደው በፈቃዱ ነው። በፈቃዱ የወረደ ሰው ደግሞ ጌትነቱን ጉብታው ላይ ትቶ ይወርዳል፤ አለዚያ ጨዋታው ባንድ ሰው ቁጣ ይፈርሳል።

ከጉብታው ላይ የሚያይ ጌታ ምን ዓይነት እንደሆነ የስታዲየም ታሪካችንም ያሳየናል። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ያስረከቡት ጃንሆይ ነበሩ። ተቀምጠው የሚመለከቱ ጌታ ናቸውና ተረቷ እሳቸውን አትመለከትም። ትኬት ቆርጦ የሚገባ ተመልካች ሁሉ፣ ጥላ ፎቅ ይቀመጥ ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ፣ ከዚያ ጌትነት ጥቂት ጥቂት ይገዛል፤ ተደላድሎ ማየት፣ በዳኛው ላይ መፍረድ፣ ሲያሻው መቆጣት። የአራት ዓመት ልጅ በእሽኮኮ ተሸክሞ የገባ ሰው ግን ይህን መብት በሩ ላይ አስረክቧል። ወደደም ጠላም ሜዳ ወርዷል፤ ጨዋታው ከልጁ ጋር ነውና።

ከነፋስ መውጫ የተነሣ አንድ ወላጅ እናስብ። በደብረ ታቦር አልፎ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ ወደ ግራ ባሕር ዳርና ቡድኗ የጣና ሞገዶቹ፣ ወደ ቀኝ ጎንደርና ቡድኗ አጼዎቹ፣ ፋሲል ከነማ። የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውን፣ የትኬቱን ከፍሏል፤ ለልጁ ማሊያም ገዝቷል። ይህን ሁሉ ካወጣ በኋላ ልጁ የሚያየው ከበሮ መቺውን ነው። ከዚያ የቆሎ ሻጯን። ከዚያ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰውዬ ባርኔጣ። ግብ ሲቆጠር ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ሲጮህ ደንግጦ አለቀሰ፤ ጨዋታው ሲጦፍ ደግሞ ሽንት ቤት አለ። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ያመጣሁህ ለቆሎ ነው?» የሚለው ቁጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመጣውም ከክፋት ሳይሆን ከሒሳብ ነው። ወላጁ የከፈለበትን ዋጋ በልጁ ፊት ላይ ሊያገኘው ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ በዚያው ሰዓት የሚፈልገውን በወላጁ ፊት ላይ እየፈለገ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ተመራማሪዎች አንድ ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት ገደል በሚመስል፣ በመስታወት በተሸፈነ ገበታ ላይ አድርገው እናቶቻቸውን ከወዲያ ማዶ አቆሙ። እናትየዋ ፈገግ ስትል ከ19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ፤ የፍርሃት ፊት ስታሳይ ከ17ቱ አንድም የተሻገረ አልነበረም። እንግዳ ነገር የገጠመው ሕፃን ነገሩ ደግ ይሁን ክፉ የሚያነበው ከሚያምነው ሰው ፊት ነው። ስታዲየም ደግሞ ለትንሽ ልጅ ከዚያ ገበታ የባሰ እንግዳ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባንዴ ብድግ ሲል፣ ቩቩዜላው ሲያናፋ፣ ልጁ ከጨዋታ ውጭ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ቀና ብሎ አባቱን ያያል። አባቱ በዳኛው ላይ ደም ሥሩ ተገታትሮ ከሆነ፣ ልጁ ስለ እግር ኳስ የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት እሱ ነው። ስለዚህ ተረቷን ለወላጅ ስንተረጉማት ሁለት ጊዜ ትከለክላለች፤ በልጁ ላይ መቆጣትን፣ በልጁ ፊት መቆጣትን።

በዱላ ኳስ የሚለጋባት ሌላዋ አገር አሜሪካ ይህን ነገር በልማድ ደርሳበታለች። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤዝቦል ሜዳ ሲሄዱ የሚገጥማቸው ጨዋታ እንደ እግር ኳስ በደቂቃ የተወሰነ አይደለም፤ በዘጠኝ ዙር የሚያልቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ወርዋሪው ኳሷን ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ የሚገድብ ሰዓት ከተደረገ በኋላ እንኳ አማካዩ የወረደው በ24 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ይህን የትኛውም የአራት ዓመት ልጅ እስከ መጨረሻው አይቀመጥለትም። ብዙዎቹ ክለቦች ታዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ልጅ ስሙና ቀኑ የሚጻፍበት የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣሉ። የሚሰጡት ለመምጣቱ ነው፤ ስንተኛው ዙር ድረስ እንደ ቆየ የሚጠይቅ የለም። የእኛም ክለቦች ይህን ቢወስዱ ወጪው ከአንድ ገጽ ካርቶን አይበልጥም።

ተቃውሞው ይገባኛል፤ ከራሱ ከተረት ጓዳም ይወጣል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላልና፣ ቀኑን በልጅ ፈቃድ ማስኬድ ልጁን ማባለግ አይሆንም ወይ? አይሆንም፤ የገናው ጨዋታም ሥርዓት የለሽ አይደለምና። ድንበር አለው፣ ወገን አለው፣ ሩሯ ድንበር ተሻገረች አልተሻገረች የሚል ክርክር የሚዳኙ ሽማግሌዎች አሉ። የተከለከለው ቁጣ ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም። ልጁ በሩ ላይ እጅ ይይዛል፣ በደረጃው ጠርዝ አይሮጥም፣ ጠርሙስ አይወረውርም፤ እነዚህን ሳይቆጡ ማስፈጸም ይቻላል። ለልጁ የሚለቀቀው ምን እንደሚያይና መቼ እንደሚወጣ ነው። ልጁ በቃኝ ካለ በ60ኛው ደቂቃ መውጣት ነው፤ ግቡ በ85ኛው ደቂቃ ቢቆጠርም ይቆጠር። (እዚህ ላይ ብዙ አባቶች እንደማይስማሙኝ አውቃለሁ። እነሱ የሚመርጡት ልጁ ጉያቸው ውስጥ እንዲተኛ ነው፤ ጩኸቱ ከፈቀደ።)

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ስታዲየም የገና ሜዳ አይደለም የሚለው። እውነት ነው፤ ተረቷም የምትሰበረው እዚህ ላይ ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ዛሬ ቢፈነካከቱ ነገ በደቦ አብረው ይወቃሉ፣ ባንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ ቁጣውን የሚያበርደው ይህ ዝምድና ነው። ትኬት ቆርጠው የተገናኙ እንግዶች ግን ነገ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በ2010 ዓ.ም. ከጋይንት ወደ ምሥራቅ በሚሄደው በዚያው መንገድ ጫፍ፣ ወልዲያ ላይ፣ በወልዲያና በመቐለ ቡድኖች ግጥሚያ ሰበብ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሜዳው ከጨዋታ ሌላ ነገር ሲሸከም «አይቆጡም ጌታ» ማለት የትም አያደርስም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሕፃን ደርቢ አይታይለትም። ደጋፊው የሚቋሰልበት ግጥሚያ ይቅርና ጭር ያለው ይመረጥ፤ መቀመጫውም ለመውጫው በር የቀረበ ይሁን። ቁጣን መከልከል የሚቻለው ሌላው ሰው ባልተቆጣበት ቦታ ነውና ተረቷን መጠበቅ ከቤት፣ ከፕሮግራሙ ምርጫ ይጀምራል።

የጋይንትና የስማዳ ልጅ ደግሞ ለመምረጥም አልታደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ፤ ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚያው ዓመት ነው፣ የጎንደር ሕፃን ግን ሻምፒዮኑን በከተማው ሜዳ አላየውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ሲጨመርበት፣ ከስማዳ ባሕር ዳር ለኳስ ልጅ ይዞ መሄድ እንኳን ሊታሰብ መንገደኛውም ተቸገረ። የቀረው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝ ክለብ የሚማማል ጎረምሳ የሞላበት ቤት ለሕፃን የመጀመሪያ ጨዋታ ይሆናል ብዬ አልከራከርም።

ስለዚህ በዚያ አገር የልጅ የመጀመሪያ ትልቅ ግጥሚያ ዛሬም የገናው ሜዳ ቢሆን አላዝንም፤ እንዲያውም ትኬት የማይገዛው አንድ ነገር አለው። በስታዲየም አባት ከልጁ ጎን ሆኖ ሌላ ሰው ሲጫወት ያያል፤ በገና ሜዳ ልጁ የገዛ አባቱ ሲጫወት ያያል። ቤት ውስጥ ቀና ብሎ የማያየው አባት ቅልጥሙን በጎረቤት ልጅ ተመትቶ፣ አንዴ አንክሶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ሩሯን ሲያሳድድ ማየት ነው። ተረቷ የተነገረችለት ጌታ ለዚያ ልጅ እሱ ነው። ሩሯ ከጠነከረ ነገር የተሠራች ስለሆነች ልጆቹ ከመስመሩ ርቀው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ይቀመጡ፤ ጉብታው ላይ ቀርቶ የነበረው አባት ግን ይውረድ።