ስለ ልብ ውጊያና ስለ ጽናት

አንባቢ ሆይ፤ በጎውን ነገር ለማድረግ ቈርጠህ ከተነሣህ በኋላ ልብህ ወደ ኋላ ሲጐትትህ፥ «እምነቴ ሐሰት ይሆንን?» ብለህ ፈርተህ ታውቅ ይሆናል። ይህ ፍርሃት ብዙዎችን ከመንገድ አስቀርቷል። ስለዚህ የልብ ውጊያ የግብዝነት ምልክት እንደ ሆነና እንዳልሆነ እንመርምር።

እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን የብረት ዕቃ ጠጋኝ ነበረ። ያለ ፈቃድ ስለ ሰበከ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1660 ታስሮ 12 ዓመት ያህል በወህኒ ኖረ። «ከእንግዲህ አልሰብክም» ቢል ኖሮ ይፈታ ነበር። በቤቱም ዕውር ልጅ ነበረችውና፥ ስለ እርስዋ ባሰበ ቍጥር ልቡ ይቈስል ነበር። በ1678 ያሳተመው የመንገደኛው ክርስቲያን ታሪክ በ1892 በገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ትርጕም በአማርኛ ታተመ። በአገራችንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ወዳጄ ልቤ» ብለው ሰየሙት። ሰው ከሁሉ በፊት ከገዛ ልቡ ጋራ መነጋገር አለበትና።

በቡንያን ታሪክ ክርስቲያንና ቶሎ እሺ ባይ የሆነ ጎረቤቱ አብረው ሲሄዱ ተስፋ ማጣት በሚባል ረግረግ ውስጥ ወደቁ። ጎረቤቱ ተቈጥቶ ለገዛ ቤቱ በሚቀርበው ዳር ወጥቶ ተመለሰ። ክርስቲያን ግን ሸክሙ እያሰጠመው፥ ከቤቱ ወደሚርቀው ዳር ታገለ፤ በዚያም የሚረዳው መጥቶ እጁን ያዘው። ሁለቱም በአንድ ጭቃ ወደቁ፤ የለያቸው ፊታቸውን ያዞሩበት ዳር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 7 ይህን ውጊያ በራሱ ላይ አልሸሸገም።

ይህን እኔም በእግሬ ተምሬዋለሁ። በሰበታ ስኖር፥ ወንጌልን ከመቀበሌ በፊት ከአንድ የቡራዩ ሰው ያለ ምስክር የተበደርሁት ገንዘብ ነበረብኝ። ሰውየው ሞተ፤ ሚስቱም ስለ ብድሩ አታውቅም ነበር። እኔም በየሰንበቱ ስለ እውነት እያስተማርሁ ዝም አልሁ። በኋላ ገንዘቡን ቋጥሬ ተነሣሁ። ልቤም በመንገድ ላይ፥ «ልጆችህ ምን ይበላሉ? ማንስ ይጠይቅሃል? ነገሩ ከተገለጠ ስብከትህን ማን ይሰማል?» አለኝ። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ። በሦስተኛውም ጊዜ ልቤ ዝም አላለም፤ ነገር ግን ሄድሁ። ሴቲቱም ገንዘቡን ተቀብላ፥ «ልጆቼ በተራቡበት ዓመት የት ነበርህ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ሁለት ነገር አስተውሉ። መጀመሪያ፥ ውጊያው ኀጢአት አይደለም፤ የሞተ ሰው አይታገልምና። ሁለተኛም፥ ውጊያው ጽድቅ አይደለም። «ገና ከልቤ ጋራ እየታገልሁ ነው» እያለ በቤቱ የሚቀመጥ ሰው፥ የእርሱን መዘግየት ሌላው በረኃብ እንደሚከፍልለት ይወቅ። እኔ በልቤ ስከራከር በነበረበት ዘመን ዕዳውን የከፈሉት የዚያች ሴት ልጆች ነበሩ።

ከሱሉልታ ተነሥቶ ሸክሙን ይዞ በእንጦጦ ዳገት የሚወጣውን ገበያተኛ ተመልከት። ጕልበቱ ይንቀጠቀጣል፥ ያርፋል፥ ያማርራል። ስለዚህ ግን ወደ አዲስ አበባ አይሄድም የሚለው የለም፤ ፊቱ ወደዚያ ነውና።

አንተም ልብህ ጸጥ እስኪል አትጠብቅ። የምትከፍለው ዕዳ፥ የምትታረቀው ወንድም፥ የምትተወው ክፉ ሥራ ቢኖር፥ ከነፍርሃትህ ዛሬ ተነሣ። ብትወድቅም ከቤትህ ወደሚርቀው ዳር ውጣ፤ እጁን የሚዘረጋልህ ጌታ በዚያ አለ። ለእርሱ ክብር ይሁን፤ አሜን።